ከጡት ካንሰር ሕክምና ማግሥት፦ የመድኃኒት፣ የክትትልና የአኗኗር መመሪያ

ኬሞው አልቋል፤ ጨረሩም ተጠናቋል፤ ቤተሰብም «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ብሏል። ከእንግዲህ ሐኪምሽን የምታገኚው በየሳምንቱ ሳይሆን ወራት እየቆየሽ ነው። ብዙ ሴቶች ግራ የሚጋቡት በዚህ ጊዜ ነው። በሕክምናው ወራት ምን መብላት፣ መቼ መምጣት፣ የትኛውን ክኒን መዋጥ እንዳለባቸው የሚነግራቸው ሰው ነበር። አሁን ግን ጥያቄው ሁሉ እቤት ውስጥ የሚመለስ ሆኗል።

በካንሰር ሕክምና ክፍል በነርስነት ሳገለግል ደጋግሜ ያየሁትና የሚያሳዝነኝ ነገር፣ የቤተሰብ ገንዘብና ጉልበት ያለቦታው ሲፈስ ነው። ላልታዘዘ ውድ ምርመራ ይበደራሉ፤ ከሩቅ አገር ለመጣ ዱቄት ይከፍላሉ። ዋጋው ትንሽ የሆነውና ሕይወት የሚያተርፈው የየቀኑ ክኒን ግን ይዘለላል፤ ክንድ አይለካም፤ በእግር መሄድ ይረሳል። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ያስቀመጥኳቸው ይህንን ልማድ ለመቀየር ነው። ያንቺን ሁኔታ የሚያውቀው ሐኪምሽ ስለሆነ እርሱ የተለየ ነገር ካዘዘሽ የእርሱን ተከተዪ።

1. ወረቀቶችሽን በአንድ ቦታ ሰብስቢ

ከመጨረሻው ሕክምና በኋላ በሚኖርሽ ቀጠሮ ላይ የሕክምና ማጠቃለያ እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። በማጠቃለያው ላይ እነዚህ መኖራቸውን አረጋግጪ፦

- ካንሰሩ የተገኘበት ደረጃ፣ ከብብት ስንት የሊምፍ ዕጢ (የሰውነትን ፈሳሽ የሚያጣራ ትንሽ ዕጢ) እንደወጣና በስንቱ ካንሰር እንደተገኘ፤
- የሦስቱ ተቀባዮች (በካንሰሩ ሴል ላይ ያሉና እድገቱን የሚያነሣሡ ፕሮቲኖች) ውጤት፣ ማለትም የሁለቱ ሆርሞኖች የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ተቀባይ እንዲሁም ኸር-ቱ (HER2)፤
- የተደረገልሽ ቀዶ ሕክምና፣ የወሰድሻቸው የኬሞ መድኃኒቶች ስምና ዙር፣ የጨረሩ ቦታና መጠን፤
- ወደፊት የምትወስጂው መድኃኒት ከነጊዜው።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ ብትይ፣ ለምሳሌ ብዙዎች «ቀዩ መድኃኒት» የሚሉት ዶክሶሩቢሲን አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ ከተወሰነ መጠን በላይ ሊወስደው የማይገባ ነው፤ ልብን ይጎዳል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም ቢያይሽ ስንት እንደወሰድሽ ማወቅ አለበት።

የተቀባዮቹ ምርመራ ጨርሶ ያልተሠራላቸው ሴቶችም አሉ። አንቺም ከእነርሱ አንዷ ከሆንሽ ጊዜው አልፏል ብለሽ አትተዪው። ከጡትሽ የተወሰደው ናሙና በሰም ተይዞ በፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ክፍል የሚቀመጥ ስለሆነ ከወራት በኋላም ሊመረመር ይችላል። የሚቀጥለው የሕክምናሽ ክፍል በሙሉ የሚወሰነው በዚህ ውጤት ስለሆነ አጥብቀሽ ጠይቂ።

ወረቀቶቹን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሺና ለምታምኚው አንድ ሰው ላኪ። ፊልምና ፖስታ ይዞ ከከተማ ከተማ መዞር ባለበት አገር አንዲት ወረቀት ስትጠፋ ምርመራው ሁሉ እንደገና ይጀመራል።

የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ብዙ ሴቶች ክትትላቸውንም ከሩቅ እየተመላለሱ አዲስ አበባ ያደርጋሉ። ለተራ የክትትል ቀጠሮ ግን ይህ ሁልጊዜ አያስፈልግም። በጅማ፣ በጎንደር፣ በሐዋሳ፣ በሐረማያና በመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች ሆስፒታሎች የካንሰር ክፍሎች አሉ። ለመኖሪያሽ ወደሚቀርበው ሪፈር እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። በመንገድ ርቀት ምክንያት ቀጠሮ ከመዝለል ይህ እጅግ ይሻላል።

2. የየቀኑን ክኒን አታቋርጪ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ቢሆን ይህንን ያዢ። ካንሰርሽ የሆርሞን ተቀባይ ያለው ከሆነ ሕክምናሽ አላለቀም፤ ወደ ቤት ተዛውሯል።

የኢስትሮጅንን ሥራ በጡት ላይ የሚያግደው ክኒን ታሞክሲፈን አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው 20 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ሲሆን ቢያንስ ለ5 ዓመት ይወሰዳል፤ ለአንዳንዶች እስከ 10 ዓመት ይራዘማል። በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ክኒኑን 5 ዓመት የወሰዱ ሴቶች በጡት ካንሰር የመሞት አደጋቸው በሲሶ ገደማ ቀንሷል። ጥቅሙ ክኒኑ ካቆመ በኋላም እስከ 15ኛው ዓመት ዘልቆ ታይቷል። እንዲህ ያለ ጥቅም በዚህ ዋጋ የሚሰጥ መድኃኒት በካንሰር ሕክምና ውስጥ ብዙ የለም።

ላረጡ ሴቶች ደግሞ አናስትሮዞል ወይም ሌትሮዞል ሊታዘዝ ይችላል። እነዚህ የወር አበባ ለምታይ ሴት እንቁላል እጢዋን የሚያሳርፍ ሌላ ሕክምና ካልታከለ አይሠሩም። በኬሞ ምክንያት የቀረ የወር አበባ ከወራት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ ከእነዚህ ክኒኖች አንዱን እየወሰድሽ ደም ካየሽ ሳትውይ ሳታድሪ ለሐኪምሽ ንገሪ።

አወሳሰዱን እንዲህ አድርጊው፦

ሀ. አንድ ሰዓት ምረጪና አትቀይሪው። ታሞክሲፈን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣል። ስለዚህ ጾመኛ ከሆንሽ ምሽት 2 ሰዓትን ብትይዢ የዐቢይ ጾምም ሆነ የረመዳን ወር መርሐ ግብርሽን አያፋልሰውም። «ጾም ስለሆነ አቆምኩት» የምትል እናት ባገኘሁ ቁጥር፣ ሰዓቱን ማታ ማድረግ ብቻ በቂ እንደነበር የነገራት ሰው አለመኖሩ ያንገበግበኛል።

ለ. ረስተሽው በዚያው ቀን ትዝ ካለሽ ዋጪው፤ ካደረ ግን እለፊው። ሁለት ደርበሽ አትዋጪ።

ሐ. የወሩ ክኒን ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፍለጋ ጀምሪ። መድኃኒቱ ከገበያ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። የሆስፒታሉን ፋርማሲ፣ የከነማንና የቀይ መስቀልን መድኃኒት ቤቶች በየተራ ጠይቂ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ከሆንሽ የዓመት መዋጮሽ ቀን እንዳያልፍ ተጠንቀቂ።

መ. ጎን ለጎን የሚመጣውን አስቀድመሽ እወቂ። ድንገት የሚያጥለቀልቅ ሙቀትና ላብ፣ የማሕፀን ፈሳሽ ወይም ድርቀት፣ የስሜት መለዋወጥ የተለመዱ ናቸው። ሌሊት ቀጭን የጥጥ ልብስ መልበስ፣ ማታ ማታ ቡናና በርበሬ የበዛበት ወጥ መቀነስ ላቡን ያቀልላል። ከባድ ከሆነብሽ የሚታዘዝ መድኃኒት አለ፤ ሳትናገሪ ክኒኑን ማቆም ግን መፍትሔ አይደለም። ለድባቴ የሚሰጡት ፓሮክሴቲንና ፍሉኦክሴቲን የታሞክሲፈንን ሥራ ስለሚያዳክሙ፣ የአእምሮ ሕክምና ስትሄጂ ታሞክሲፈን እንደምትወስጂ ተናገሪ፤ ሐኪሙ በሌላ ሊተካው ይችላል።

ሠ. ሦስት ነገሮች ሲታዩ ቀጠሮ አይጠበቅም፦ ካረጥሽ በኋላ ከማሕፀን የሚመጣ ደም፣ የአንድ እግር ባት አብጦ መታመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር። የመጀመሪያው በማሕፀን ግድግዳ ላይ ለውጥ መኖሩን ሊጠቁም ይችላል፤ ሁለቱ ደግሞ የደም መርጋት ምልክት ሊሆኑ ስለሚችሉ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

አናስትሮዞልና ሌትሮዞል የሚወስዱ ሴቶች መገጣጠሚያቸውን ጠዋት ጠዋት ያማቸዋል፤ አጥንታቸውም ይሳሳል። ለመገጣጠሚያው ከማስታገሻ ክኒን ባልተናነሰ የሚረዳው መንቀሳቀስ ነው። ለአጥንቱ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ፣ የሚገኝ ከሆነም የአጥንት ጥንካሬ መለኪያ ምርመራ ያስፈልጋል።

ካንሰርሽ የሆርሞን ተቀባይ የሌለው ከሆነ እነዚህ ክኒኖች አይጠቅሙሽም፤ ጎረቤትሽ ትወስዳለች ብለሽ አትጀምሪ። ኸር-ቱ ያለበት ሆኖ ትራስቱዙማብ የሚሰጥሽ ከሆነ ደግሞ መርፌው አብዛኛውን ጊዜ በየ3 ሳምንቱ ለአንድ ዓመት ነው። በመሐሉ የልብ አልትራሳውንድ መደረግ አለበት።

3. የክትትል ቀጠሮ፦ የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን ለይ

በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ፣ በ4ኛውና በ5ኛው ዓመት ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በሐኪም መታየት አለብሽ። ሐኪሙ ይጠይቅሻል፤ ጡትሽን፣ ጠባሳውን፣ ብብትሽንና አንገትሽን ይዳስሳል። ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል። ጡትሽ ሳይወጣ እብጠቱ ብቻ የተነሣልሽና ጨረር የወሰድሽ ከሆነ የመጀመሪያው ማሞግራፊ ጨረሩ ካለቀ ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ይነሣል። አንዱ ጡትሽ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ከሆነ የሚመረመረው የቀረው ነው።

ምንም ምልክት ሳይኖርሽ በየጊዜው ሲቲ ስካን መነሣት፣ የአጥንት ስካን መታየትና በደም የሚለካ የካንሰር ጠቋሚ መመርመር ዕድሜ እንደማያረዝም በጥናት ታይቷል። ዓለም አቀፍ የካንሰር ሐኪሞች መመሪያዎችም አይመክሩትም። ይህንን ለታካሚዎች ስናገር ቅር ይላቸዋል፤ ችላ የተባሉ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በጤና ሰው ላይ የሚደረግ ስካን ብዙ ጊዜ ትርጉም የሌላት ትንሽ ነጥብ ያሳይና ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ወጪ፣ እንቅልፍ የሌለው ወር ያስከትላል። ያንን ገንዘብ ለትራንስፖርትና ለክኒኑ አውዪው።

ምልክት ሲኖር ግን ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ እብጠት፣ በጠባሳው ላይ የወጣ ቁስል ወይም መቅላት፣ ሌሊት የሚያነቃ የአጥንት ሕመም፣ የማይለቅ ሳል፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ያለምክንያት መክሳት፣ አዲስና እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ከታየብሽ ቀጠሮሽን አትጠብቂ። መጠኑን ለማስታወስ እንዲመችሽ፣ ማንኛውም አዲስ ነገር ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ለሐኪም ይታይ። የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ወይም እግር መዛልና ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ሲመጣ ግን 2 ሳምንት ቀርቶ ሌሊቱ እስኪነጋ አይጠበቅም።

4. ክንድሽን ጠብቂ

ከብብት የሊምፍ ዕጢዎች ሲወጡ ወይም ብብት ጨረር ሲያገኘው የክንዱ ፈሳሽ እንደ ቀድሞው ወደ ሰውነት አይመለስም፤ ክንድ ሊያብጥ ይችላል። እብጠቱ ከቀዶ ሕክምናው ብዙ ዓመታት በኋላም ሊጀምር ይችላል። ቶሎ ከተያዘ ይገታል፤ ከቆየ ግን ይደድራል።

በወር አንድ ጊዜ፣ ቀን ለይተሽ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ሁለቱንም ክንዶችሽን ለኪ፦ ከክርን በላይ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ እና ከክርን በታች 10 ሳንቲ ሜትር ላይ። ቁጥሩን ጻፊው። ልዩነቱ 2 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ወይም ክንድሽ ከበደኝ፣ ቀለበቴ ጠበበኝ ማለት ከጀመርሽ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሂጂ። በትክክል ተለክቶ የሚሰጥ ጠበቅ ያለ የክንድ እጅጌና ማሰሪያ አለ።

የአገራችን ወጥ ቤት ለዚህ ክንድ አስቸጋሪ ነው። የምጣድ እንፋሎት፣ የምድጃ ፍም፣ የሽንኩርት ቢላዋ፣ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሁሉ ቆዳን ይጎዳሉ፤ በዚያ በኩል ባለ ትንሽ ቁስል ውስጥ የሚገባ ጀርም ደግሞ በፍጥነት ይስፋፋል። ስለዚህ፦

- እንጀራ ስትጋግሪ አክንባሎውን በጤናማው እጅሽ አንሺ፤ የተጎዳውን ክንድ በረጅም ወፍራም ጨርቅ ሸፍኚ። የሚጋግርልሽ ካለ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተዪው።
- ልብስና ዕቃ በጓንት እጠቢ፤ አረም ስታርሚ፣ እሾህ ስትለቅሚም እንዲሁ።
- ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በዚያ እጅ አታንጠልጥዪ፤ ቦርሳም በሌላው ትከሻ ይሁን።
- በዚያ ክንድ ላይ ዋግምት፣ ብጣትና ንቅሳት ፈጽሞ አይሁን። መርፌና የደም ግፊት መለኪያ አማራጭ ካለ በሌላው ክንድ ይሁን።
- ከታጠብሽ በኋላ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት ቀቢ። ትንሽ ብትቆረጪ ወዲያው በሳሙና ታጠቢ።

ክንዱ ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል። በቅቤ ማሸትና ማሰር ጊዜ ከመግደል በቀር አይረዳም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ክንዱን አስረሽ አስቀምጪ ማለት አይደለም። ድሮ ሐኪሞችም «ከባድ ነገር አታንሺ» ብቻ ብለው ይመልሱ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ግን ክንዳቸው ያበጠ ሴቶች በባለሙያ እየታገዙ፣ በጣም ከቀላል ጀምረው ቀስ በቀስ ክብደት ሲያነሡ እብጠቱ እንዳልባሰ አሳይቷል፤ እንዲያውም ድንገት የሚያገረሽባቸው ሴቶች ቁጥር ቀንሷል። እቤት ለመጀመር ባለ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ውኃ ይበቃል፤ ግማሽ ኪሎ ነው። 10 ጊዜ አንሺና አውርጂ፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ክንድሽ ካላበጠ ትንሽ ጨምሪ። ትከሻሽ ደርቆ እንዳይቀር ደግሞ ግድግዳ አጠገብ ቁሚና ጣቶችሽን እያራመድሽ ወደ ላይ ውጪ፤ የደረስሽበትን በእርሳስ ምልክት አድርጊ፤ በማግሥቱ ከዚያ ለማለፍ ሞክሪ።

ጨረር ያረፈበት ቆዳ ለፀሐይና ለሙቀት ለረጅም ጊዜ ስስ ሆኖ ይቆያል። በነጠላም ሆነ በሻሽ ሸፍኚው፤ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ አታስጠጊው።

5. በእግርሽ ሂጂ፣ ድካሙ ባይለቅሽም

ከሕክምና በኋላ የሚቀረው ድካም በእንቅልፍ የማይለቅ ዓይነት ነው፤ ወራት ይቆያል፤ አንዳንዴም ከዓመት ያልፋል። ቤተሰብ «ተኚ፣ ዕረፊ» ይላል፤ ከፍቅር ነው። ሆኖም እስካሁን ከተሞከሩት ነገሮች ሁሉ ይህንን ድካም በተሻለ የሚቀንሰው እንቅስቃሴ ነው። በቅድሚያ ግን ሐኪምሽ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር አለመኖሩን ይመርምር።

መድረሻው በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በዚያ ላይ ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ነው። እየሄድሽ ማውራት የምትችዪ፣ መዝፈን ግን የሚያቅትሽ ከሆነ ፍጥነቱ ልክ ነው። ዛሬ 10 ደቂቃ ብቻ ከቻልሽ 10 ደቂቃ ሂጂ፤ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ጨምሪ። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በእግር ደርሶ መምጣት፣ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ቀጠሮ ይዞ መሄድ ሁሉ ይቆጠራል። ለስግደት የለመድሽ ከሆንሽ እርሱም እንቅስቃሴ ነው፤ ነገር ግን ክብደትሽን በተጎዳው ክንድ ላይ አትጣዪ፤ ቁጥሩንም ቀስ በቀስ መልሺ።

ፓክሊታክሰል የተባለውን የኬሞ መድኃኒት የወሰዱ ብዙ ሴቶች እግራቸው ጣት ላይ ይደነዝዛቸዋል። አንቺም እንደዚያ ከሆንሽ ባዶ እግርሽን አትሂጂ፤ ማታ ማታ እግርሽን ለቁስል ፈትሺ፤ ሻወር ውስጥም የሚይዝ ነገር ይኑርሽ። ደረጃ ስትወጪ ከዚህ በፊት ያልነበረ የትንፋሽ ማጠር ወይም የእግር እብጠት ከመጣ ልብሽ እንዲታይ ጠይቂ።

6. ገበታሽን አስተካክዪ

ካንሰር የሚያጠፋ ምግብ የለም። ስኳር በላሽና ካንሰሩ ተመለሰ የሚለውም በማስረጃ የተደገፈ አይደለም። የሚያሳስበው የክብደት መጨመር ነው። ከማረጥ በኋላ ስብ ራሱ ኢስትሮጅን ያመነጫል፤ ውፍረት የክንድ እብጠትንም ያባብሳል። ብዙ ሴቶች በኬሞና በታሞክሲፈን ጊዜ ይወፍራሉ፤ «አምሮብሻል፣ ሰውነትሽ ተመለሰ» የሚለው የጎብኚ አስተያየትም ነገሩን ያከብደዋል። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ፣ ክንድሽን በምትለኪበት ቀን፣ ወገብሽንም ለኪ።

የእኛ ገበታ ብዙ መሠረት አለው። ጤፍ ከብዙዎቹ ሌሎች እህሎች የበለጠ ካልሲየም አለው፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ሽምብራ ፕሮቲንና ፋይበር ይሰጣሉ። መስተካከል ያለበት ሦስት ነገር ነው። ዘይቱ፦ ወጥ ላይ የሚንሳፈፍ ዘይት ካለ ብዙ ነው። የአትክልቱ ድርሻ፦ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ ከትሪው ግማሽ ይያዙ፤ ለጌጥ ጥግ ላይ አይቀመጡ። ጣፋጩ፦ በቀን ስንት ስኒ ቡናና ሻይ በስንት ማንኪያ ስኳር እንደምትጠጪ አንድ ቀን ቁጠሪ፤ ለስላሳ መጠጥን ደግሞ ለበዓል አቆዪው።

በጾም ወቅት ችግሩ የሥጋ አለመኖር አይደለም፤ ጥራጥሬው ቀርቶ እንጀራ በቲማቲም ብቻ መብላት ነው። በየማዕዱ አንድ ጥራጥሬ ይኑር፤ ተልባ፣ ሱፍና ለውዝ በመጠኑ ጨምሪ። አኩሪ አተር ያለበት ምግብም በተለመደው መጠን አያሰጋም። ገና ደካማ ከሆንሽ ስለ ጾሙ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ለሕሙማን የሚደረገውን ያውቁታል። ጥሬ ሥጋ ይቅርብሽ፤ የደም ሴሎችሽ ቢያገግሙም የኮሶ ትል ለማንም አይበጅም።

አልኮል የጡት ካንሰርን አደጋ ይጨምራል፤ ጥቂቱም ቢሆን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለጤና አስጊ ያልሆነ የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ ሁሉም በአንድ ይታያሉ። በዓልና ሠርግ ላይ ለሚቀርብልሽ ብርሌ «መድኃኒት ላይ ነኝ» ብትዪ ይበቃል፤ እውነትም ነው። ሲጋራና ሺሻም እንዲሁ ይቁሙ።

7. ጸበልና ባህላዊ መድኃኒት

ጸበል መሄድ የምትፈልጊ ሂጂ፤ ክኒንሽንም ይዘሽ ሂጂ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ለካንሰር መድኃኒትም ያው ነው። ለሱባዔ ስትነሺ ለቀኖቹ የሚበቃ ክኒን፣ ከተጨማሪ ሳምንት ስንቅ ጋር፣ በቦርሳሽ ይኑር።

ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሽፈራው በምግብ መጠን ችግር የላቸውም። ተቀምሞ በጠርሙስ የሚሸጥ፣ ምን እንዳለበት ያልታወቀ መድኃኒት ግን ጉበትን ሊጎዳና የታሞክሲፈንን ሥራ ሊያፋልስ ይችላል። ጀምረሽ ከሆነ ለሐኪምሽ ደብቀሽ አትያዢው፤ ዕቃውን ራሱን ይዘሽ አሳዪ። «ሐኪሙ ይቆጣኛል» የሚለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ቢቆጣም እንኳ የጉበት ምርመራ ያዝልሻል።

8. ትዳር፣ ወሊድና ወሊድ መከላከያ

ይህ ክፍል በቀጠሮ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ እንኳ ሳይሰጠው ያልፋል፤ ሐኪሙ ያፍራል፤ ታካሚዋ ታፍራለች። በአገራችን የጡት ካንሰር የሚያገኛቸው ብዙዎቹ ሴቶች ገና ያላረጡ ስለሆኑ ግን መነጋገር ግድ ነው።

ሆርሞን ያለበት ወሊድ መከላከያ ክልክል ነው፦ በየ3 ወሩ የሚወጋው ዴፖ፣ በክንድ የሚቀበረው፣ የሚዋጠውም ክኒን። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ አስቀድመሽ «የጡት ካንሰር ታክሜያለሁ» በዪ፤ ካልነገርሻቸው ለሁሉ የሚሰጠውን ዴፖ ሊሰጡሽ ይችላሉ። ለአንቺ የሚስማማው የመዳብ ሉፕ ወይም ኮንዶም ነው። የወር አበባሽ መቅረቱ አለማርገዝሽን አያረጋግጥም፤ ታሞክሲፈን ደግሞ ፅንስን ይጎዳል።

ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ ጉዳዩ የተዘጋ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመው ፖዚቲቭ የተባለው ጥናት፣ ክኒኑን ከ18 እስከ 30 ወር ወስደው ለማርገዝ እስከ 2 ዓመት ያቋረጡ ሴቶች በክትትሉ ዓመታት ካንሰሩ የተመለሰባቸው ካላቋረጡት በልጦ እንዳልታየ ገልጿል። ጊዜውን ግን ሐኪምሽ ይወስን፤ መድኃኒቱ ከሰውነትሽ እስኪወጣ የሚጠበቁ ወራት አሉ፤ ከወለድሽም በኋላ ክኒኑ ይቀጥላል።

ለማሕፀን ድርቀት ሆርሞን የሌለው ማለስለሻ ከፋርማሲ ይገኛል። ባልሽ ዝም ካለ ብዙ ጊዜ እንዳያሳምምሽ ፈርቶ ነው፤ አንቺም ዝም ካልሽ ዝምታው እየሰፋ ይሄዳል። የሚያምሽንና የማያምሽን በግልጽ ንገሪው። የሚቻል ከሆነ ወደ አንዱ ቀጠሮ ይዘሽው ሂጂና ካንሰር እንደማይተላለፍ ከሐኪሙ አፍ ይስማ።

ጡትሽ ወጥቶ ከሆነ በጡት መያዣ ውስጥ የሚገባ ምትክ በልብስ ሰፊ ሊሠራ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥጥ ብቻ የተሞላ፣ ቁስሉ ሲድን ከሌላው ጡት ጋር የሚመዛዘን ክብደት ያለው ይሁን፤ አለበለዚያ ትከሻ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ካልፈለግሽም ግዴታ የለብሽም።

9. ፍርሃቱን ብቻሽን አትሸከሚው

የቀጠሮ ሰሞን እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ባመመ ቁጥር «ተመለሰብኝ» ብሎ መደንገጥ ካንሰር ታክማ ባለፈች ሴት ሁሉ ላይ ይደርሳል ማለት ይቻላል። የሚያስጨንቅሽን ምልክት ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፊው፤ 2 ሳምንቱን በዚያ ትቆጣጠሪያለሽ፤ ሐኪምሽም በትክክል ይረዳሻል። ሐዘኑ ከሳምንታት አልፎ ምግብ፣ ሥራና ሰው ካስጠላሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂጂ።

ከእኅት ታካሚዎች ጋር መገናኘት የሚሰጠውን ብርታት እኛ ባለሙያዎች ልንሰጥ አንችልም። የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለሕሙማን ድጋፍ ያደርጋል፤ በምትታከሚበት ክፍልም ተራ ስትጠብቂ ያወቅሻቸውን ሴቶች ስልክ ያዢ። ክኒን ከገበያ ሲጠፋ የት እንደተገኘ ቀድሞ የሚሰማው ከእነርሱ ነው።

10. ለእኅቶችሽና ለሴት ልጆችሽ ንገሪ

ብዙ ቤት ውስጥ ሕመሙ በሹክሹክታ ታልፎ ልጆቹ ሳያውቁ ያድጋሉ። እናቷ፣ እኅቷ ወይም ልጇ በጡት ካንሰር የታመመባት ሴት አደጋዋ ከሌላው ከፍ ያለ ነው፤ ምርመራዋም ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። ብዙ ሐኪሞች አንቺ ከታመምሽበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ እንዲጀመር ያደርጋሉ። ዝምድናው በአባት በኩልም ይቆጠራል፤ ወንድሞችሽ ለሴት ልጆቻቸው እንዲናገሩ አድርጊ።

ስትነግሪያቸው በቃል ብቻ አታስቀሪው። በአንድ ወረቀት ላይ ሕመሙ ሲገኝብሽ ዕድሜሽ ስንት እንደነበር፣ በአንዱ ጡት ነው ወይስ በሁለቱም፣ የሦስቱን ተቀባዮች ውጤት፣ በዘመድ ውስጥ የጡት ወይም የእንቁላል እጢ ካንሰር የያዘው ሌላ ሰው ካለ የእርሱን ዝምድናና ዕድሜ ጻፊና ለእያንዳንዳቸው ፎቶውን ላኪላቸው። ምርመራ ሲሄዱ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው እነዚህን ነው።